ካሜራው ማንን እንዲያይ ተሠራ?



ዛሬ የምናገረው በፎቶግራፍ፣ በፊልምና በኮምፒውተር ሙያ ውስጥ የቆዳ ቀለም ስለፈጠረው ልዩነት፣ ትውልዶችም ስለዚያ ስላደረጉት ትግል ነው። ይህ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር የሚሰማ አንድ ማጽናኛ አለ። «ሽማግሌዎቹ ጡረታ ይውጡ እንጂ ነገሩ በራሱ ጊዜ ይስተካከላል። የዛሬ ልጆች እንደ ወላጆቻቸው ቀለም አይለዩም» ይባላል። ሐሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ታሪኩ ግን አይደግፈውም። ሰው ያረጃል፣ ይተካል። መሣሪያውና መመዘኛው ግን ለተተኪው ሳይነኩ ይወረሳሉ። ስለዚህ የምከራከርለት ሐሳብ ይህ ነው፦ ዕድሜ ብቻውን ያስተካከለው ሙያ የለም። ሙያ የሚስተካከለው፣ ቀድሞ በሩ ተዘግቶባቸው ለነበሩ ሰዎች ጥበቡን ቁጭ ብሎ የሚያስተምር ሲገኝ፣ የተማሩትም በተራቸው ሲያስተምሩ ነው።

ማስረጃዬ የካሜራ ታሪክ ነው፤ ከፊልም ጥቅል ተነሥቼ ፊት እስከሚለየው ኮምፒውተር እደርሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በፊልም ዘመን ፎቶ ያነሣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ፎቶ የሚያልቀው ካሜራው ውስጥ አልነበረም። ፊልሙ ይታጠባል፣ ከዚያ በወረቀት ይታተማል፤ ቀለሙ ወደ ቀይ አደላ፣ ወደ ሰማያዊ አደላ የሚባለው እዚያ ላይ ነው። አታሚው ማሽኑን የሚያስተካክልበት መነሻ ያስፈልገዋል። ፊልም አምራቹ ኮዳክ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ለማጠቢያ ቤቶች የሚልከው መነሻ የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ያለበት ካርድ ነበር። ካርዱ «ሸርሊ» ይባላል፤ ስሙ የመጣው መጀመሪያ ለፎቶው ከቀረበችው የኩባንያው ሠራተኛ ነው። የሸርሊ ፊት አምሮ ከወጣ ማሽኑ ትክክል ነው፤ ካላማረ ማሽኑ ይስተካከላል። ከእሷ በኋላ ሌሎች ሴቶች እየተፈራረቁ በካርዱ ላይ ቀርበዋል። ለረጅም ዓመታት ሁሉም ነጮች ነበሩ፤ ስሙም ሸርሊ እንደተባለ ቀረ።

የዚህ ውጤት ከሁሉ በላይ የታየው በትምህርት ቤት ፎቶዎች ነው። ጥቁርና ነጭ ልጆች አንድ ላይ ተቀምጠው ሲነሡ፣ የነጮቹ ልጆች ፊት ከነፈገግታው ይወጣል፤ የጥቁሮቹ ልጆች ፊት ግን ጠቁሮና ደብዝዞ፣ ዓይንና ጥርስ ብቻ ይታይ ነበር። እናቶች አቤት አሉ። ልጆቻቸው በዓመት አንድ ጊዜ ለብሰውና ተበጥረው የተነሡት ፎቶ ላይ የልጃቸውን መልክ ማግኘት አልቻሉም። በካናዳ የኮንኮርዲያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር የሆነችው ሎርና ሮት በ2009 ባሳተመችው ጥናት የኮዳክን የቀድሞ ባለሙያዎች አነጋግራ አንድ የሚያሳዝን ነገር ገለጠች። ኩባንያው የጠቆሩ ቀለሞችን አጥርቶ ወደሚያሳይ ፊልም እንዲያተኩር ጉልህ ግፊት ያደረጉት የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ነበሩ። ቸኮሌት ነጋዴው ጥቁሩን ቸኮሌት ከወተቱ ቸኮሌት የሚለይ ማስታወቂያ ፈለገ፤ የዕቃ ነጋዴው የእንጨቱ መስመር እንዲታይለት ፈለገ። መሐንዲሶቹም ሠሩት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ኬሚስትሪው የሚቻል ነበር፤ ዕውቀቱም፣ ገንዘቡም ነበረ። የጎደለው አንድ ነገር ነው፦ ያ ፊልም ሲፈተን «የልጄ ፊት የታለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው በቤተ ሙከራው ውስጥ አልተቀመጠም። ጥቁር፣ ነጭና እስያዊት ሴቶች አብረው ያሉበት ካርድ የመጣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ከ1950ዎቹ እስከዚያ ድረስ 40 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ መሃል አንድ ሙሉ የመሐንዲስ ትውልድ ጡረታ ወጥቶ ሌላው ተተክቷል። ተተኪውም ካርዱን ተረከበና ሥራውን ቀጠለ። ክፋት ኖሮበት ነው ለማለት አልደፍርም። የተረከበው መመዘኛ ትክክል መስሎት ነበር፤ በመመዘኛው ሲለካ ደግሞ እውነትም ምንም ስህተት አይታይም።

አንዳንዴ ጠያቂው በውስጥ ይገኛል። በ1970 ፖላሮይድ ኩባንያ ውስጥ ኬሚስት የነበረችው ካሮላይን ሃንተርና የሥራ ባልደረባዋ ኬን ዊሊያምስ፣ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን፣ በሥራ ቦታቸው ለደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የመታወቂያ ናሙና አዩ። የኩባንያቸው ካሜራና ፊልም የአፓርታይድ መንግሥት ጥቁሮች በገዛ አገራቸው ሲንቀሳቀሱ እንዲይዙት ለሚያስገድደው የይለፍ ደብተር ፎቶ ማንሻ እየዋለ መሆኑን ተረዱ። ሠራተኛውን አስተባብረው ተቃውሞ አስነሡ። ሃንተር ከሥራ ተባረረች። ተቃውሞው ከተነሣ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ፖላሮይድ ከደቡብ አፍሪካ ወጣ። ከነዚያ ሁለት ሰዎች በፊት ናሙናው በስንት እጅ እንዳለፈ አስቡት። ያዩት ብዙዎች ናቸው፤ ምን እንደሆነ የገባቸው ግን ነገሩ የሚነካቸው ሰዎች ሆኑ።

አሁን ካሜራውን ወደሚይዘው ሰው ልሂድ። በሆሊውድ የካሜራ፣ የመብራትና የድምፅ ሥራ በሠራተኛ ማኅበራት እጅ ነበር። ማኅበር ውስጥ ለመግባት ልምድ ያስፈልጋል፤ ልምድ ለማግኘት ማኅበር ውስጥ መሆን ያስፈልጋል። ይህን እንቆቅልሽ የሚፈታው ዘመድ ነበር። አባት ልጁን፣ አጎት የእኅቱን ልጅ ይዞ ይገባል። ታዲያ የትውልድ ለውጥ በሆሊውድ መቼ ጠፍቶ ያውቃል? ልጅ አባቱን ሲተካ ነው የኖረው። የተተካው ግን ያው ቤተሰብ፣ ያው ሰፈር፣ ያው መልክ ነበር። በ1969 የፌዴራሉ የእኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ሎስ አንጀለስ ውስጥ ተቀምጦ ይህን አሠራር በይፋ መረመረ፤ በተከታዩ ዓመት ስቱዲዮዎቹና ማኅበራቱ ከፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ጋር ስምምነት ላይ ደረሱ። ስምምነቱ ግን የተወሰነ ጊዜ ነበረው፤ ጊዜው ሲያልፍ ግፊቱም ላላ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን አንድ ቁጥር ይናገራል። በ2012 ሎስ አንጀለስ ታይምስ ጋዜጣ የኦስካር ሽልማት መራጮችን ማንነት አጣርቶ ሲያወጣ 94 በመቶው ነጮች፣ 77 በመቶው ወንዶች ሆነው ተገኙ። መካከለኛ ዕድሜያቸው 62 ነበር። ሒሳቡን አብረን እናስላ። በ2012 ዕድሜው 62 የሞላ ሰው በ1970 የሃያ ዓመት ወጣት ነው። የሰብዓዊ መብት ሰልፍ የተመለከተው፣ ፀጉሩን ያሳደገው፣ «እንደ ወላጆቹ አይደለም» የተባለለት ትውልድ ማለት እሱ ነው። ያ ትውልድ ተራው ደርሶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ወንበሮቹ በዙሪያው እንዳሉ ቀሩ።

ይህን ስል ምንም አልተለወጠም ማለቴ አይደለም። ተለውጧል፤ የለወጡትንም ሰዎች በስም እናውቃቸዋለን። ከነሱም አንዱ የጎንደር ልጅ ናቸው።

በ1960ዎቹ መጨረሻ በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤልኤ፣ ከተማሪዎች ግፊት በኋላ ጥቁሮች፣ ሜክሲኳውያን፣ እስያውያንና የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ልጆች ፊልም እንዲማሩ የሚያደርግ ፕሮግራም ተከፈተ። ኤሊሴዮ ቴይለር የተባሉ ጥቁር መምህር አስተባበሩት። ከዚያ ዘመን ተማሪዎች መካከል ቻርልስ በርኔት፣ ጁሊ ዳሽ፣ ቢሊ ውድበሪ፣ ቤን ካልድዌል፣ እንዲሁም ኃይሌ ገሪማ ይገኛሉ። የእነዚህ ልጆች አሠራር ልዩ ነበር። የዛሬው ዳይሬክተር ነገ ለጓደኛው ካሜራ ይይዛል፤ ከነገ ወዲያ ለሌላው ድምፅ ይቀዳል። የኃይሌን «ቡሽ ማማ» ከቀረጹት አንዱ ቻርልስ በርኔት ናቸው። በዚያ ፊልም መክፈቻ ላይ ፖሊሶች ኃይሌንና የቀረጻ ባልደረቦቻቸውን አስቁመው ሲፈትሹ የሚያሳይ እውነተኛ ምስል አለ። ካሜራ የያዘ ጥቁር ወጣት መንገድ ላይ መቆሙ ብቻ ለጥርጣሬ በቂ ነበር።

ኃይሌ ገሪማ በ1946 ጎንደር ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ የ«ጎንደሬ በጋሻው» ደራሲ፣ ቲያትር ጽፈው የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። ልጃቸው በ1967 ወደ አሜሪካ መጥተው መጀመሪያ ቺካጎ ቲያትር፣ ቀጥሎ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ። ከ1975 ጀምሮ እዚህ ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1993 «ሳንኮፋ» የተባለውን ስለ ባርነት የሚናገር ፊልም ሲጨርሱ አከፋፋይ ኩባንያ አጡ። እሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ፣ ከተማ ለከተማ እየዞሩ ለጥቁር ማኅበረሰቡ ራሳቸው አሳዩት። ተመልካቹ ተሰለፈ። በጆርጂያ ጎዳና ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊት ያለውን የሳንኮፋ መጻሕፍት ቤት ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ቡና ጠጥታችሁበታል።

የእኚህን ሰው ትልቅነት በሚሸለሙት ሽልማት ብቻ ብንለካው ግማሹን እናጣዋለን። ሌላው ግማሽ በተማሪዎቻቸው እጅ ነው። አርተር ጃፋ በሃዋርድ ተምሮ የጁሊ ዳሽን «ዶተርስ ኦቭ ዘ ደስት» ቀረጸ፤ በ1991 በሰንዳንስ የካሜራ ሽልማት አገኘ። ለዚያ ፊልም ኮዳክን ትተው አግፋ የተባለውን ፊልም መረጡ፤ የጥቁር ሰው ቆዳ በአግፋ የተሻለ ስለሚወጣ ነው። ስለ ሸርሊ ካርድ ጥናት ከመታተሙ ከብዙ ዓመታት በፊት እነዚህ ባለሙያዎች ችግሩን በዓይናቸው ለይተውት፣ መውጫውንም አግኝተውለት ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ብራድፎርድ ያንግ ነው። እሱም በሃዋርድ የኃይሌ ተማሪ ነበር። «ሴልማ»ን ቀረጸ። «አራይቫል» በተባለው ፊልም በ2017 ለኦስካር የካሜራ ሽልማት ሲታጭ፣ በዚህ ዘርፍ የታጨ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። የዚህን የዕውቀት መስመር ይዘት በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ ይህ ዝርዝር የመላው ነገር ልብ ነው። ልማደኛ ባለሙያ ጥቁር ፊት ሲገጥመው መብራት ይጨምራል። ፊቱ በላብ እንደ ራሰ ያብለጨልጫል፤ አጠገቡ ያለው ነጭ ግድግዳ ይቃጠላል፤ የፊቱ ቅርጽም ይጠፋል። የተማረው ግን ብርሃኑን ከነጭ ጨርቅ ወይም ከግድግዳ አንጥሮ፣ አለስልሶና አስፍቶ ያመጣዋል። የጀርባውን ብርሃን ይቀንሳል። ልኬቱን የሚወስደው ከፊቱ ላይ ነው። በዚህ ጊዜ የጉንጩ አጥንት፣ የግንባሩ መስመር፣ የቆዳው ቀይማና ወርቃማ ቀለም አንድ በአንድ ይወጣል። ይህን በአንድ ቀን ማንም አልፈለሰፈውም። መምህር ለተማሪ፣ ጓደኛ ለጓደኛ እያሳየ ነው እዚህ የደረሰው።

በ2021 የፊልም ዳይሬክተሯ የኤቫ ዱቨርኔይ ኩባንያ «ሳንኮፋ»ን አድሶ በኔትፍሊክስ ለዓለም አቀረበው። በዚያው ዓመት የኦስካር አካዳሚ ሙዚየም ፕሮፌሰር ኃይሌን አከበራቸው። ልጃቸው መርዓዊ ገሪማም ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ከዋሽንግተን ሰፈሮቻቸው ስለሚገፉበት ሁኔታ «ሬሲዱ» የተባለ ፊልም በ2020 አውጥቷል። ከአያት ቲያትር እስከ ልጅ ልጅ ፊልም ያለው ርቀት ሦስት ትውልድ ነው። ሦስቱንም ያያያዛቸው የሚሰጥና የሚቀበል ሰው በየተራው መገኘቱ ነው።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልለፍ። ዲጂታል ካሜራ ሲመጣ ፊልሙ ቀረ፣ ካርዱም ቀረ፣ ችግሩም አብሮ የቀረ መሰለ። ከዚያ ፊት የሚለዩ ሶፍትዌሮች መጡ። የሠሯቸው ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹ ስለ ሸርሊ ሰምተውም አያውቁም። ጆይ ቡዎላምዊኒ የተባለች ጋናዊት አሜሪካዊት የኤምአይቲ ተማሪ ለትምህርቷ ስትጠቀምበት የነበረው ሶፍትዌር ፊቷን ማግኘት አቃተው። ነጭ ጭንብል ስታጠልቅ ግን ወዲያው አገኛት።

ከአዲስ አበባ የተነሣችው ዶክተር ትምኒት ገብሩ ከቡዎላምዊኒ ጋር ሆና በ2018 ያሳተመችው ጥናት ጉዳዩን በቁጥር አስቀመጠው። ከሩዋንዳ፣ ከሴኔጋል፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከአይስላንድ፣ ከፊንላንድና ከስዊድን ምክር ቤት አባላት 1,270 ፎቶዎችን ሰበሰቡ። ከዚያ የሦስት ኩባንያዎችን ምርት ወንድና ሴት እንዲለይ ፈተኑት። ቆዳቸው በነጣ ወንዶች ላይ የስህተቱ መጠን ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ቆዳቸው በጠቆረ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ከሦስት ሴቶች አንዷን መሳት ማለት ነው።

ይህ እንዴት ሆነ? ኮምፒውተሩ የሚማረው ከፎቶ ክምችት ነው፤ የሚፈተነውም በፎቶ ክምችት ነው። ባለሙያዎች ለዓመታት ሶፍትዌራቸውን ያወዳደሩበት አንድ ዝነኛ ስብስብ ከ77 በመቶ በላይ ወንድ፣ ከ83 በመቶ በላይ ነጭ እንደነበረ ተገምቷል። እንዲህ ባለ ፈተና ጥቁር ሴቶችን ጨርሶ የማያይ ሶፍትዌር እንኳ ከፍተኛ ነጥብ ያገኛል። ሸርሊ በሌላ ስም ተመልሳ መጣች ማለት ነው። በፊልም ዘመን ብዙ የተለፋበት ትምህርት ወደ ኮምፒውተር ቤት አልተሻገረም፤ የሚያሻግረው ሰው በቦታው አልነበረምና። የአባት ዕዳ ለልጅ ይሉታል ይህን ነው።

ዕዳው ደግሞ የሚከፈለው በሰው ሕይወት ነው። በ2020 መጀመሪያ ዲትሮይት አጠገብ አንድ ጥቁር አባወራ ኮምፒውተር ከሌላ ሰው ጋር ስላምታታው በቤቱ ደጃፍ፣ በሚስቱና በሁለት ሴት ልጆቹ ፊት በካቴና ታስሮ ተወሰደ። በኮቪድ ጊዜ ጣታችን ላይ እናደርገው የነበረው የኦክስጅን መለኪያም ብርሃን በቆዳ ውስጥ አሳልፎ የሚያነብ መሣሪያ ነው። በ2020 መጨረሻ በታወቀ የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው የኦክስጅን እጥረትን ሳያሳይ የሚያልፍበት ጊዜ በጥቁር ታካሚዎች ላይ ከነጮቹ ሦስት እጥፍ ያህል እንደሚበልጥ አሳይቷል።

እዚህ ላይ የኛን ልጆች ሥራ በኩራት መናገር ይገባል። ትምኒት በ2016 ወደ አንድ ትልቅ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ጉባኤ ሄዳ ነበር። ተሰብሳቢው በሺዎች የሚቆጠር ነበር፤ እሷ ስትቆጥር ያገኘቻቸው ጥቁሮች ስድስት ናቸው። ቀጥሎ ባለው ዓመት፣ አዲስ አበባ ተወልዳ ካደገችው ረድኤት አበበና ከሌሎች ጓደኞቿ ጋር ሆና «ብላክ ኢን ኤአይ» የተባለውን ማኅበር መሠረተች። ረድኤት ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ማኅበሩ ሰዎችን አገናኘ፤ ለዶክትሬት የሚያመለክቱትን ልጆች ማመልከቻ የሚያርምላቸው፣ ጉባኤ የሚሄዱበትን ወጪ የሚሸፍንላቸው ሆነ። በ2018 ጉባኤው ሞንትሪያል ሲደረግ በርካታ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከለከሉ። ከሙያው ትልልቅ ጉባኤዎች አንዱ በ2020 አዲስ አበባ እንዲካሄድ ተወሰነ፤ ኮቪድ መጣና በኢንተርኔት ሆነ። በ2023 ግን ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። እነዚህ ሰዎች የሠሩት ኃይሌ ገሪማ በሃዋርድ የሠሩትን ነው። ለራሳቸው የከፈቱትን በር ለተከታዩ ይዘው ቆሙ።

ሆኖም በሩ መከፈቱ ብቻውን አይበቃም። በ2020 መጨረሻ ትምኒት ትልልቅ የቋንቋ ሞዴሎች ስለሚያመጡት አደጋ በጻፈችው ጽሑፍ ከምትሠራበት ከጉግል ኩባንያ ጋር ተጋጨች። እሷ ተባረርኩ አለች፤ ኩባንያው መልቀቂያዋን ተቀበልኩ አለ። ማንኛውንም ወገን ብታምኑ፣ ያቺ ትልቅ ባለሙያ ከዚያ ቤት ወጣች። ወንበር መስጠትና ድምፅ መስጠት ይለያያሉ። የቡድኑን ፎቶ ለማሳመር ብቻ የተቀጠረ ጥቁር ባለሙያ መመዘኛውን የመለወጥ ሥልጣን ከሌለው፣ መመዘኛው እሱንም አልፎ ይቀጥላል። ትምኒት ከአንድ ዓመት በኋላ የራሷን የምርምር ተቋም አቋቋመች።

በዚህ ጉዳይ የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ፤ በአክብሮት ሊመለስ ይገባዋል። «ሥራ ለሚችለው ይሰጥ፤ የቆዳ ቀለም ምን አገባው?» ይባላል። ልክ ነው፣ ሥራ ለሚችለው ይሰጥ። ነገር ግን ጥቁር ፊት አጥርቶ ማንሣት የማይችል የካሜራ ባለሙያ ለግማሽ ምዕተ ዓመት «ይችላል» ሲባል ኖሯል። ከሦስት ጥቁር ሴቶች አንዷን የሚስት ሶፍትዌር «ይሠራል» ተብሎ ተሸጧል። የችሎታ መለኪያው ራሱ ጎዶሎ ነበር። ከሰው ልጅ የሚበዛውን ክፍል በትክክል ማየት የችሎታ አንዱ አካል ነው። ይህን ዕውቀት ይዘው የሚመጡት ደግሞ በአብዛኛው በጉድለቱ የተጎዱት ናቸው።

ክቡራን ታዳሚዎች፣ የሌላውን ቤት ጉድለት ስንናገር ወደ ቤታችንም እንመልከት። በሠርጋችን ቪዲዮ ላይ ሙሽራዋን ነጣ አድርግልን የምንለው ራሳችን ነን። ጠይሟ ልጃችን በሜካፕ ሁለት ደረጃ ነጥታ፣ በመብራት ተጥለቅልቃ፣ በኮምፒውተር ደግሞ ታጥባ የራሷን አልበም ስታይ የምታገኘው ሌላ ሰው ነው። የሸርሊን ካርድ ማንም ሳያስገድደን በገዛ ስቱዲዮአችን ሰቅለነዋል። ፎቶ ቤትና ቪዲዮ ቤት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የሰውን መልክ እንደተፈጠረ አድምቆ ማውጣት ትልቅ ጥበብ ነው። ያንን ጥበብ ተማሩ፤ ደንበኛውም እንዲለምደው አሳዩት።

ወላጆች፣ እናንተ በታክሲና በሌሊት ፈረቃ እየደከማችሁ ልጆቻችሁን ሐኪምና መሐንዲስ ለማድረግ የምትለፉትን ልፋት አከብራለሁ። መሐንዲስ የሆነው ልጅ ግን የሚሠራው ነገር በማን ላይ እንደተፈተነ እንዲጠይቅ አስተምሩት። ካሜራ ወይም ሥዕል የወደደችውን ልጅም «ይህ እንጀራ አይሆንም» ብላችሁ አትመልሷት። የኃይሌ አባት ልጃቸው ቲያትር ሲወድ ቢከለክሉት ኖሮ ከላይ የቆጠርኳቸው ሰዎች ስንቶቹ መምህር ባጡ ነበር።

በሙያው ውስጥ ያላችሁ፣ ከእናንተ የምለምነው ይበልጣል። አንድ አንድ ልጅ ያዙ። ማስታወቂያ ሲወጣ አድራሻ መላክ ብቻ አይበቃም፤ ቁጭ ብላችሁ ሥራውን አሳዩት፣ ሲሳሳት አርሙት፣ ቀረጻ ስትሄዱ ዕቃ ተሸክሞ እንዲከተላችሁ ፍቀዱለት፣ ለአለቃችሁ ስሙን ንገሩለት። የሆሊውድ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው ሲያደርጉት የኖሩት ይህንኑ ነው። እኛ የምናደርገው የሥጋ ዘመድ ላልሆነ ልጅ ነው፤ ለጥቁር አሜሪካዊው፣ ለሶማሌው፣ ለኤርትራዊው፣ ከኤልሳልቫዶር ለመጣውም ጭምር። የገባንበትን በር የከፈቱልን የሌላ እናት ልጆች ናቸውና።

ወጣቶች፣ ዛሬ የተማራችሁበት መሣሪያ ሁሉ የትናንት ሰዎች ውሳኔ አለበት። አዲስ ሥራ ስትጀምሩ ይህ ነገር በማን ፊት፣ በማን ድምፅ፣ በማን ቆዳ ተሞከረ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ፈተናውን ራሳችሁ ሥሩት፤ ሁለት ወጣት ሴቶች 1,270 ፎቶ ይዘው ትልልቅ ኩባንያዎች ምርታቸውን እንዲያስተካክሉ አስገድደዋል። ሽማግሌዎቻችሁን ፈልጉ፤ በሕይወት ሳሉ የሚያውቁትን ጻፉ፣ ቅረጹ። ጄሲ ሜፕል በ1970ዎቹ ኒውዮርክ ውስጥ በሕግ ተሟግታ የካሜራ ባለሙያዎች ማኅበር የገባች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ከገባች በኋላ በመጀመሪያ ካደረገቻቸው ነገሮች አንዱ፣ ያለፈችበትን መንገድ ለሚከተሏት የሚያሳይ መጽሐፍ ጽፋ በ1977 ማሳተም ነበር።

የእናንተም ተራ ይደርሳል፤ ከምታስቡት ቶሎ ይደርሳል። ያን ጊዜ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ፣ አጠገባችሁ ያስቀመጣችሁት ማን ነው? ምንስ አስተማራችሁት? ትውልዳችሁ የሚመዘነው በዚህ ነው፤ እኛም ዛሬ የምንመዘነው በዚሁ ነው።